ሳሩን ማን ያጭዳል? ወተት፣ አፈርና ውሃ በሐይቅና በአምባሰል

በደቡብ ወሎ የአንድ ገበሬ ላም መኖዋን የምታገኘው ከሦስት ቦታ ነው፤ ከማሳ ከሚተርፈው አገዳና ጭድ፣ ከመንደሩ የጋራ ግጦሽ፣ ከድንበርና ከእርከን ከሚታጨደው ሳር። የጋራ ግጦሹ ወደ እርሻና ወደ ባሕር ዛፍ እየተለወጠ ጠቧል። አገዳውና ጭዱ የዝናቡን ዕድል ይከተላል፤ እህል በከሰረበት ዓመት መኖውም አብሮ ይከስራል። ገበሬው በገዛ እጁ ሊያበዛው የሚችለው ሦስተኛውን፣ የሚታጨደውን ሳር ብቻ ነው።

ወደ ሐይቅና ወደ አምባሰል መንደሮች ላለፉት አርባ ዓመታት ብዙ ዓይነት የልማት ሥራ ሄዷል። የእንስሳት ፕሮጀክት የተሻሻለ ዝርያና የማዳቀል አገልግሎት ይዞ ይመጣል። የአፈር ጥበቃው እርከን ያሠራል፤ የመስኖው ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ ፓምፕ ያከፋፍላል። እያንዳንዱ የራሱ መሥሪያ ቤት፣ የራሱ ዕቅድና የራሱ የሪፖርት ቅጽ አለው። ገበሬው ያለው ግን አንድ ማሳ፣ አንድ በረትና አንድ ጉልበት ነው። በእሱ ዘንድ ወተት፣ አፈርና ውሃ አንድ ጉዳይ ናቸው፤ የሚያገናኛቸውም ሳር ነው። ስለዚህ በእነዚህ ወረዳዎች የሚሠራ ማንኛውም የወተት ፕሮጀክት ከሁሉ በፊት ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ ሳሩን ማን ያጭዳል?

ቦታውና መኖው

ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስሟን የሰጣት ሐይቅ ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ከእሱ ከፍ ብሎ የሚገኘው የአርዲቦ ሐይቅ ትርፉን በወንዝ ወደ እሱ ይልካል። ከሐይቅ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ከዙሪያው ተዳፋት ታጥቦ የወረደ አፈርና ማዳበሪያ መሄጃ ስለሌለው እዚያው ይቀራል።

በስተሰሜን አምባሰል ይቀጥላል። ዋና ከተማው በ1881 ዓ.ም. ውል የተፈረመባት ውጫሌ ናት። የወረዳው ምሥራቃዊ ተዳፋት ውሃውን ወደ ሚሌና ወደ አዋሽ፣ ምዕራባዊው ደግሞ ወደ በሽሎና ወደ አባይ ይሰጣል። ዝቅ ባለው ቦታ ማሽላ፣ ጤፍና በቆሎ፣ ከፍ ባለው ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ይዘራል። ዝናቡ ሁለት ወቅት አለው፤ በልግና ክረምት። በልጉ ግን ከወሎ ገበሬ ጋር ቃል ኪዳን አፍርሶ ከኖረ ቆይቷል። ላም የምትጎዳውም በልጉ ዘግይቶ ወይም ቀርቶ፣ የባለፈው መኸር ክምር ተመናምኖ፣ አዲሱ ሳር ገና ባልበቀለበት ከመጋቢት እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ነው።

በአገር ደረጃ ያለው ቁጥር የመንደሩን ችግር ያስረዳል። በማዕከላዊ ስታትስቲክስ ጥናት መሠረት የኢትዮጵያ የከብት ብዛት ወደ 70 ሚሊዮን ደርሷል። ከእነዚህ ከመቶ ዘጠና ሰባት የሚበልጡት አገር በቀል ናቸው። የአንዲት አገር በቀል ላም አማካይ የቀን ወተት አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ነው። ከከብቶቻችን መኖ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ግጦሽ ነው፤ አንድ ሦስተኛ ያህሉ የሰብል ተረፈ ምርት ሲሆን የተሻሻለ መኖ ድርሻ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። የወተት ማነስ ሲነሳ ቶሎ የሚወቀሰው ዝርያው ነው። እነዚህ ቁጥሮች ግን ዝርያው ከመወቀሱ በፊት ግርግሙ መታየት እንዳለበት ይናገራሉ።

ሂሳቡን በአንድ ቤት ልክ እንሥራው። 400 ኪሎ የምትመዝን ዲቃላ ላም በቀን 12 ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ ትፈልጋለች፤ በዓመት ከ4 ቶን በላይ መሆኑ ነው። ግማሽ ሄክታር ማሽላ በደህና ዓመት 2 ቶን ያህል አገዳ ይሰጣል እንበል። በዚያው ግማሽ ሄክታር ላይ በየ10 ሜትሩ እርከን ቢኖርና እያንዳንዱ እርከን አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሳር ቢይዝ፣ የሳሩ መሬት 500 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ በሄክታር 10 ቶን ደረቅ መኖ ቢሰጥ ግማሽ ቶን ይገኛል። ሁለቱ ተደምረው 2 ቶን ተኩል ናቸው። አንዲቱን ላም እንኳ አያጠግቡም። በሬዎቹ ደግሞ አሉ፤ በእርሻ ወቅት ገበሬው አስቀድሞ የሚያበላው በሬውን ነው።

ከዚህ ሂሳብ ሁለት ነገር ይወጣል። የመጀመሪያው፣ ጥቂት መሬት ያለው ቤት አራትና አምስት ከብት ከሚያስርብ አንዲት ላም ቢያጠግብ ይሻለዋል። ሁለተኛው፣ የአንድ ቤት ማሳ ብቻውን ላም አይቀልብም፤ ከማሳው ውጭ ያለው ተራራ፣ ሸንተረርና የወንዝ ዳር ሳር መግባት አለበት። እዚያ ላይ ነው ጉዳዩ ከግብርና ወደ ባለቤትነት የሚሻገረው።

የእርከኑ ታሪክ

ወሎ የአፈር ጥበቃ ትምህርት ቤት ነበረች። ከ1966ቱ ረሃብ በኋላ፣ ይበልጡንም ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ፣ በዓለም የምግብ ፕሮግራም እህል እየተከፈለ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር እርከን ተሠርቷል። ከደሴ በስተደቡብ ባለው ማይባር ላይ እ.ኤ.አ. በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም የመጀመሪያውን ጣቢያ ከፈተ። ፕሮግራሙን የመራው የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ ነው። ከምርምሩ የወጣው ግምት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ የኢትዮጵያ የታረሰ መሬት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን አፈር በዓመት ያጣል። የግጦሽ መሬት የሚያጣው ግን 5 ቶን ገደማ ነው። ተዳፋትን የሚያድነው ድንጋይ ብቻ እንዳልሆነ ለማወቅ ይህ ልዩነት በቂ ነው። ሥር የያዘ ሳር ካለ አፈሩ ይቀመጣል።

ይህ እውቀት እያለ እርከኑ ለምን አልጸናም? በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በወሎ ብዙ እርከን ፈረሰ፤ ተከልለው የነበሩ ተራሮችም ተመነጠሩ፣ ለከብት ተከፈቱ። ሥራው በትእዛዝና በስንዴ የተሠራ ስለነበር አዛዡ ሲሄድና ስንዴው ሲቆም የሚጠብቀው ሰው አልነበረም። ከዚህ የጠለቀ ምክንያትም አለ። እርከን መሬት ይወስዳል። ተዳፋቱ በጨመረ ቁጥር እርከኖቹ ይቀራረባሉ፤ ከማሳው አንድ አስረኛ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ከእርሻ ውጭ ይሆናል። ግማሽ ሄክታር ላለው ሰው ይህ የወራት ቀለብ ነው። እርከኑ በምላሹ የሚሰጠው ጥቅም፣ አፈሩ ስለተያዘ ምርቱ የሚያድግበት ጊዜ፣ ዓመታት ይፈጃል። የተራበ ቤት ያን ያህል አይጠብቅም።

እርከኑ ላይ ሳር ሲተከል ስሌቱ ይለወጣል። ከእርሻ የወጣው መሬት በዚያው ዓመት መኖ ይሰጣል፤ መኖው ወተት ወይም የሰባ በግ ሆኖ ገበያ ይወጣል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ተፋሰሶችን በሕዝብ ሥራ ያሠራው የሴፍቲኔት ፕሮግራምም ሆነ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው የዘላቂ መሬት አያያዝ ፕሮግራም ይህን እየተገነዘቡ ሥነ ሕይወታዊ ሥራ የሚሉትን ሳርና ዛፍ በእርከን ላይ መትከል ጨምረዋል። ሆኖም በየዓመቱ ጥር ላይ ሕዝብ ወጥቶ የሚቆፍረው ጉድጓድና የሚክበው ድንጋይ በሪፖርት ላይ ሰፊውን ቦታ ይይዛል። ሐምሌ ላይ የሚተከለውን ሳር የሚቆጥርለት ያነሰ ነው፤ በጥቅምት ስንት ሸክም እንደታጨደ የሚጠይቅ ደግሞ ከዚያም ያነሰ።

ፕሮጀክቶቹ ምን አስተማሩ?

ደቡብ ወሎ በክልል ደረጃ ከተሠሩ ትልልቅ ፕሮጀክቶች አልራቀችም። በስዊድን መንግሥት የልማት ድርጅት በሲዳ ይደገፍ የነበረው የሲዳ አማራ ገጠር ልማት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ የሠራው በሁለት ዞኖች ነው፤ በምሥራቅ ጎጃምና በደቡብ ወሎ። ከዚህ ፕሮግራም ውርሶች አንዱ ከላም ጋር ግንኙነት የሌለው ይመስላል፤ የመሬት ይዞታ ደብተር ነው። የአማራ ክልል የይዞታ ምዝገባ ሲጀምር ከሙከራ ቀበሌዎቹ አንዱ በደሴ አካባቢ ያለው ገራዶ ነበር። ግንኙነቱ ጥብቅ ነው። ዘንድሮ የተከለውን ሳር በሚቀጥለው ዓመት እንደሚያጭደው እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ከአንድ ወቅት በላይ የሚኖር ተክል አይተክልም።

ቀጥሎ የመጣው በካናዳ መንግሥት ገንዘብ የተደገፈው ላይቭስ የተባለው ፕሮጀክት ነው። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ ኢልሪ፣ ከዓለም አቀፉ የውሃ አስተዳደር ተቋምና ከክልል ቢሮዎች ጋር እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በአራት ክልሎች አሥር ዞኖች ሠራው፤ ደቡብ ወሎ ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ዞኖች አንዷ ነበረች። የእንስሳትንና የመስኖን ሥራ በአንድ ጥላ ሥር ማምጣቱ በራሱ ትልቅ ሐሳብ ነበር። መስኖ ያለው ገበሬ ከሽንኩርቱ ጎን ጥቂት መደብ አልፋልፋ ወይም ዝሆኔ ሳር ቢያለማ የበጋው ክፍተት ይደፈናል። በሌሎች የአማራ ዞኖች የሠሩት የኔዘርላንዱ የልማት ድርጅት የኤስኤንቪ የወተት ፕሮጀክቶች፣ ኤድጌትና ብሪጅ፣ መኖንና የጥጃ አስተዳደግን ከማዳቀል አስቀድመው ማስተማራቸው ከዚሁ ጋር የሚሄድ ትምህርት ነው። በደብረ ብርሃን አካባቢ የሞከረው አፍሪካ ራይዚንግ ደግሞ አጃን ቬች ከተባለ የመኖ ተክል ጋር አቀላቅሎ መዝራትን፣ ትሪሉሰርን የተባለውን የመኖ ዛፍ በማሳ ዳር መትከልን፣ መኖ እንዳይባክን ግርግምና ጥላ መሥራትን ከደጋው ገበሬ ጋር ፈትኗል። ለአምባሰል ደጋ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የለም።

የእነዚህ ሥራዎች አንዱ ትልቅ ትምህርት ለየቦታው የሚስማማው ተክል የተለያየ መሆኑ ነው። ከጋሞ ደጋ፣ ከቸንቻ የተስፋፋው ደሾ ሳር ከሥሩ ተገንጥሎ ስለሚተከል ዘር አይጠይቅም፤ እርከንን አጥብቆ ይይዛል፤ ወይና ደጋውና ደጋው ይስማማዋል። በሐይቅ ዙሪያ ውሃ ባለበት ዝሆኔ ሳርና ሰስባኒያ ቶሎ ይደርሳሉ። በቆላው ማሽላ ውስጥ ላብላብና የእርግብ አተር ተሰባጥረው ቢዘሩ አገዳው የሚጎድለውን ፕሮቲን ይሞላሉ። ኬንያ በዚህ ረገድ ማስጠንቀቂያ አላት። የወተት ምርቷን በዝሆኔ ሳር ላይ አቁማ ሳለ ሳሩን የሚያቀጭጭ በሽታ በምዕራብ ክፍሏ ገብቶ የብዙ ገበሬዎችን ማሳ አጥፍቷል። አንድ ሳር ብቻ ለወረዳው ሁሉ ማከፋፈል ለሥርጭት ይቀላል፤ በሽታ ሲመጣ ግን ሁሉንም አንድ ላይ ያጋልጣል።

ሌላው ትምህርት ዘርን ይመለከታል። አዲስ አበባ ያለው የኢልሪ የዘረ መል ባንክ 19,000 የሚጠጉ የመኖ ተክል ናሙናዎችን ይዟል፤ በዓለም ከታላላቆቹ አንዱ ነው። በሰሜን ወሎ ያለው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ለዚህ አካባቢ የሚስማሙ ዝርያዎችን ይፈትናል። ከባንኩና ከምርምሩ እስከ ገበሬው ያለው መንገድ ግን ቀጭን ነው። የመኖ ዘር አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው ፕሮጀክት ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲያበቃ ገዢው ያበቃል፤ ገዢ ሲጠፋ አባዢውም ይተወዋል። ለዚህ መልሱ ቀላልና አካባቢያዊ ነው። በየቀበሌው አንድ ሁለት ገበሬ የደሾ ግንጣይና የዝሆኔ ሳር ቁርጥራጭ እያባዛ ለጎረቤት ቢሸጥ፣ የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከሉ እናት መደብ ቢይዝ፣ ተክሉ በጀት ሳይጠብቅ ይዳረሳል።

የላም ውሃ የት አለ?

ስለ ላምና ውሃ ሲወራ ቶሎ የሚታሰበው መጠጡ ነው። የምትታለብ ዲቃላ ላም በቀን 60 ሊትርና ከዚያ በላይ ልትጠጣ ትችላለች፤ ወተት ራሱ ከመቶ ሰማንያ ሰባቱ ውሃ ነው። ላሟ ወደ ወንዝ ረጅም መንገድ በሄደች ቁጥር ከምትበላው የሚገኘው ጉልበት በመንገድ ያልቃል፤ በረት ድረስ ውሃ ማቅረብ ብቻውን ወተት ይጨምራል። ይህ እውነት እንዳለ ሆኖ፣ የውሃና የእንስሳት ተመራማሪዎች ያሳዩት ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለ። ከብት የምትበላውን መኖ ለማብቀል የሚያስፈልገው ውሃ ከምትጠጣው ከ50 እስከ 100 እጥፍ ይሆናል። የላም ውሃ በአብዛኛው ያለው በመኖዋ ውስጥ ነው።

ይህ ለሐይቅና ለአምባሰል ትልቅ ትርጉም አለው። በእርከን ተይዞ ወደ አፈር የገባ የክረምት ዝናብ ሳር ይሆናል፤ ሳሩ ወተት ይሆናል። ሳይያዝ የፈሰሰው ደግሞ አፈር ይዞ ይወርዳል። የአገዳ ውሃ ለእህሉ አስቀድሞ ተከፍሏል፤ አገዳውን ሳያባክኑ መመገብ ተጨማሪ ጠብታ ሳያወጡ ወተት ማግኘት ነው። በአንጻሩ ብዙ ከሲታ ከብት ይዞ መኖር ውሃን በከንቱ ማጥፋት ነው፤ መኖው ነፍስ ከማቆየት አልፎ ወደ ወተት አይደርስምና።

በሐይቁ ዳርቻ ጉዳዩ ይበልጥ አስቸኳይ ነው። ሐይቁ መውጫ እንደሌለው አይተናል። እስከ ውሃው ጠርዝ ሲታረስ ደለሉና ማዳበሪያው በቀጥታ ይገባል፤ ዓሣውም ውሃውም ይጎዳል። ከጠርዙ ወደ ውጭ ያለው ሰቅ የሚታጨድ ቋሚ ሳር ቢሆን ሐይቁን ከደለል ይጠብቃል፤ ለዳርቻው ሰው ደግሞ በበጋ የማይደርቅ መኖ ይሰጣል። ገበሬን ከዳርቻ ማስለቀቅ ጠብ ያመጣል። አዝመራውን ወደ ሳር እንዲለውጥ፣ ሳሩም ገቢ እንዲሆነው ማገዝ ግን ሐይቁንም ሰውየውንም ያኖራል።

አገዳውና እበቱ

አዲስ ሳር ከመትከል በፊት ያለው መኖ በወጉ መያዝ አለበት። የማሽላ አገዳ ማሳ ላይ ቆሞ ሲከርም ቅጠሉ ይረግፋል፤ የሚቀረው ደረቅ እንጨት ነው። እህሉ እንደተነሳ ተሰብስቦ ከጥላ ሥር የተከመረ አገዳ፣ ተከትክቶ ሲቀርብ፣ ላሟ ግንዱን ትታ ቅጠሉን አትመርጥበትም። ጭድን በዩሪያ ማከምም ለዓመታት የተሞከረ ዘዴ ነው፤ ለ100 ኪሎ ጭድ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ በውሃ አሟሙቶ ረጭቶ፣ አየር እንዳይገባው አፍኖ ለሦስት ሳምንት ማቆየት። ጭዱ ይለሰልሳል፣ ፕሮቲኑ ይጨምራል። የተስፋፋው ግን በዝግታ ነው፤ ዩሪያ ውድ ነው፣ ውሃ ከሩቅ ይቀዳል፣ ልኩ ከበዛ ከብት ይመርዛል። ስለዚህ ውሃ ቅርብ ላለውና ወተት ለሚሸጥ ቤት ይመከራል፤ ለሁሉም በአንድ ልክ ማወጅ አያዋጣም።

ከበረት ወደ ማሳ የሚመለሰው እበት ሌላው የተቆረጠ ገመድ ነው። እንጨት በጠፋበት የወሎ ተራራ እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ አፈሩ የሚጠብቀው ምግብ ምጣድ ሥር ያልቃል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በአማራና በሌሎች ክልሎች የተስፋፋው የብሔራዊ ባዮጋዝ ፕሮግራም ይህን ለመፍታት ያለመ ነው፤ ከእበቱ ጋዙ ለምድጃ፣ ተረፉ ለማሳ። ባዮጋዝ ላሞች በረት ውስጥ እንዲውሉና ውሃ ቅርብ እንዲሆን ይጠይቃል። ሁለቱም የወተት ላም የምትጠይቃቸው ናቸው። በረት አስሮ ለሚቀልብ ቤት እበቱ በአንድ ቦታ ይጠራቀማል፤ ልቅ ለሚያሰማራ በየሜዳው ይበተናል።

ማሽላንና መኖን የሚያገናኝ አንድ ሥራ በተለይ ሊጠቀስ ይገባል። ናይሮቢ ያለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ ኢሲፔ፣ በምዕራብ ኬንያ ያዳበረው ዘዴ በማሽላና በበቆሎ መካከል ዴስሞዲየም የተባለ ሐረግ፣ በማሳው ዙሪያ ደግሞ ብራኪያሪያ ወይም ዝሆኔ ሳር ይተክላል። የሐረጉ ሽታ የአገዳ ቆርቁር እሳት ራትን ያባርራል፤ ዙሪያው ያለው ሳር ወደ ራሱ ይስባታል። የሐረጉ ሥር ደግሞ የወሎን ማሽላ ክፉኛ የሚጎዳውን አቀንጭራ ያመክናል። ሐረጉም ሳሩም የላም መኖ ናቸው። ዘዴው በኢትዮጵያም በሰሜን ክፍል ተሞክሯል፤ ካስተዋወቁት መካከል በነፍስ ኄር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ የተመሠረተው የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት አለ። ለተሁለደሬና ለአምባሰል ቆላ ማሽላ ገበሬ ይህ በአንድ ተከላ እህልን መጠበቅ፣ አፈርን ማልበስና መኖ ማግኘት ነው።

ወተቱ የት ይሸጣል?

መኖ የሚገዛው ወተት ሲሸጥ ነው። በዚህ ረገድ ደቡብ ወሎ ብዙ አካባቢዎች የሌላቸው ጥቅም አላት። በኢትዮጵያ ብዙ ቦታ የወተት ገበያ ከጾም ጋር ይወጣል ይወርዳል፤ የኦርቶዶክስ ጾም በዓመት ከግማሽ የማያንስ ቀን ስለሚሸፍን በዐቢይ ጾም ወተት ገዢ አጥቶ ወደ ቅቤ ይሄዳል። በሐይቅ፣ በደሴና በኮምቦልቻ ግን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ሰፈር ይኖራሉ፤ የአንዱ ጾም የሌላው ፍስክ ስለሆነ፣ በረመዳን ደግሞ ለማፍጠሪያ ወተት ስለሚፈለግ፣ ፍላጎቱ በአንዴ አይወድቅም። ለአነስተኛ የወተት ማኅበር ከዚህ የተሻለ መነሻ ማግኘት ይከብዳል።

በተጨማሪም ኮምቦልቻ የቢራ ፋብሪካና የዱቄት ፋብሪካዎች ያሏት ከተማ ናት። የቢራው ተረፈ ምርትና ፉርሽካው ከፋጉሎ ጋር ለወተት ላም የማይተካ ደጋፊ መኖ ናቸው። ችግሩ ዋጋቸውና አቅርቦታቸው ነው፤ በአብዛኛው የሚደርሱት መኪና ላለውና በብዛት ለሚገዛ ነው። የጥቂት ላም ባለቤቶች በማኅበር ተደራጅተው በጋራ ቢገዙ ዋጋው ይቀንሳል። የወተቱም ስብሰባ እንዲሁ ነው፤ ሦስት ሊትር ይዞ ደሴ የሚሄድ ሰው የለም፤ መቶ ሊትር ከተሰበሰበ ግን መኪና ይመጣል።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። በቤት ውስጥ ቅቤ የምትንጠውና የምትሸጠው ሴት ናት፤ ያ ገንዘብ ለጨው፣ ለደብተር፣ ለልጅ ልብስ የሚውል የእሷ ገንዘብ ነው። ወተቱ ወደ ማኅበር ሲገባ ክፍያው በባል ስም የሚሄድ ከሆነ፣ ሳር ማጨዱና ውሃ መቅዳቱ በሚስትና በልጆች ላይ ተጨምሮ ገቢው ከእጇ ይወጣል። የላም ፕሮጀክት ደብተሩን በማን ስም እንደሚከፍት አስቀድሞ መወሰን አለበት።

ጥያቄው ተመልሶ ሲነሳ

በተራራው ላይ ያለው የተከለለ መሬት የዚህ ሁሉ ቁልፍ ነው። ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ የተደረገ ተራራ በጥቂት ዓመት ሳር ይለብሳል፤ በወሎ ይህ በብዙ ቦታ ታይቷል። የሚቀጥለው ወሳኝ ነው። ሳሩ ታጭዶ ለማን ይሰጣል? መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ተሰጥቶ በማድለብና በንብ የተጠቀሙበት አለ። በአባወራ ልክ ተከፋፍሎ የሚታጨድበትም አለ። ተከልሎ ማንም ሳይነካው ሳሩ አርጅቶ የሚወድቅበትም አለ። በዚህ በመጨረሻው ሕዝቡ ክልከላውን የሚያየው እንደ ቅጣት ነው፤ ሌሊት ከብት ይገባበታል፤ ጠባቂ ቢቀጠርም አይዘልቅም።

ልቅ ግጦሽን ማስቆም የሚቻለውም በዚሁ መንገድ ነው። የአካባቢ መተዳደሪያ ደንብ ወጥቶ፣ ቅጣት ተደንግጎ፣ ከዚያ የተረሳ ቀበሌ ብዙ ነው። ደንቡ የሚሠራው ከብቷን አስሮ የሚያውል ሰው የሚያበላት ሲያገኝ ነው። በተለይ ከብት ብቻ ያላት፣ መሬቷን በእኩል የምታሳርስ መበለት ከተራራው ሳር ድርሻዋ ካልተጻፈላት ልቅ ግጦሽ መከልከል ላሟን መቀማት ይሆንባታል።

በኅዳር 2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት፣ ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ባንክ 170 ሚሊዮን ዶላር የተደገፈው የእንስሳትና ዓሣ ዘርፍ ልማት ፕሮጀክት፣ ለወተት ከዚህ ቀደም ያልነበረ ትኩረት አምጥተዋል። በዘመቻ መልክ የሚመጣ ነገር ግን በቀላሉ የሚቆጠረውን ያስቀድማል፤ የተዳቀሉ ላሞች፣ የተወለዱ ጥጆች። መኖ የሌላት ዲቃላ ጥጃ ከአገር በቀሏ ቶሎ ትከሳለች፣ ቶሎ ትታመማለች፤ ባለቤቷም ላም አለኝ በሰማይ እንዳለው ሰው ወተቷን ሳያይ ዕዳዋን ይከፍላል።

በዚህ ሁሉ ላይ የሰሜኑ ጦርነት ያደረሰው ጉዳት አለ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ግጭቱ ውጫሌን፣ ሐይቅን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን አዳርሷል። ከብት ታርዷል፣ ተነድቷል፤ የእንስሳት ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ የስሪንቃ ምርምር ማዕከልም ከባድ ጉዳት ደርሶበታል። ከዚያ በኋላም በክልሉ ሰላም አልጸናም። የማዳቀል ባለሙያው በጊዜ ካልደረሰ፣ ክትባቱ ከቀዝቃዛ ሰንሰለት ከወጣ፣ መንገዱ ከተዘጋ ወተቱ ይፈሳል። የእርከን ላይ ሳር በዚህ ጊዜ ሌላ ዋጋ አለው፤ መንገድ ቢዘጋም ይበቅላል፣ ከማንም አይገዛም።

ምን ይደረግ?

ከላይ የተዘረዘረው ወደ ጥቂት ግልጽ ሥራዎች ይወርዳል። የወረዳው የእንስሳት ጽሕፈት ቤት፣ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያውና የመስኖ ባለሙያው ለአንድ ተፋሰስ አንድ ዕቅድ ያውጡ፤ የዕቅዱ የመጀመሪያ ገጽም ከመጋቢት እስከ ሰኔ ያለውን የመኖ ጉድለት በሸክም ያስላ። የተከለለ ተራራ ሁሉ ከመከለሉ በፊት የአጨዳ ድርሻው በስም ይጻፍ፤ መሬት የሌላቸው ወጣቶችና መበለቶች በቅድሚያ ይገቡበት። እርከን ተሠራ የሚባለው ድንጋዩ ሲካብ ሳይሆን ሳሩ ሲታጨድ ይሁን፤ የበጋው ዘመቻ ሪፖርት በጥቅምት በታጨደው ይመዘን። ዲቃላ ላም የሚሰጠው አስቀድሞ መኖ ለተከለ ቤት ይሁን፤ ስድስት ወር የቆየ የሳር መደብ ከሥልጠና ምስክር ወረቀት የበለጠ ዋስትና ነው። የወተት ማኅበር ክፍያውን ለምታልበውና ለምትንጠው ሴት በራሷ ስም ያድርግ። በሐይቁ ዳርቻ የሚታጨድ የሳር ሰቅ በስምምነት ይከለል፤ ወደ ሳር ለሚለውጥ ገበሬ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ጉድለቱ ይካካስለት።

ከእነዚህ አንዱም አዲስ ግኝት አይጠይቅም። ተክሎቹ ታውቀዋል፤ የአፈር ኪሳራው ተለክቷል፤ የይዞታ ደብተሩ በገበሬው እጅ አለ፤ ገበያው በሦስት ከተሞች ተዘርግቷል። የጎደለው የወተቱን፣ የአፈሩንና የውሃውን ሥራ በአንድ ማሳ ላይ አገናኝቶ ባለቤት መስጠት ነው። ይህን ማድረግ የወረዳና የቀበሌ ሥልጣን ነው፤ ከውጭ የሚጠበቅ ገንዘብ ሊያፋጥነው ይችላል እንጂ ሊተካው አይችልም። የሐይቅና የአምባሰል ገበሬ እርከን ሲክብ አርባ ዓመት ሆኖታል። አሁን የሚገባው በስሙ የተጻፈ ሳር ነው፤ ያን ያገኘ ቀን እርከኑን የሚጠብቅ ዘበኛ አያስፈልግም።